የትንሽ ጀልባና የካያክ ማፍሰሻ ታፖ፦ ለጅማ የሚስማማው የቱ ነው?

ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከውኃው ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት በደቂቃ 30 ሊትር ገደማ ውኃ ያስገባል። ሰው ሳያስተውለው አምስት ደቂቃ ከቆየ 150 ሊትር ገባ ማለት ነው፤ የሁለት ጎልማሶችን ክብደት ያህላል። ይህ ስፋት በብዙ ትንንሽ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ላይ ያለው የተለመደ የማፍሰሻ ቀዳዳ ስፋት ነው። ቀዳዳውን የሚዘጋው ታፖ ከጀልባው ዕቃ ሁሉ ትንሹና ርካሹ በመሆኑ፣ ጀልባ የሚገዛ ሰው ሞተሩንና መቅዘፊያውን አይቶ ሲጨርስ ነው ወደ እሱ የሚመለከተው። እኔ ግን መጀመሪያ እሱን እንድታዩ እፈልጋለሁ።

ጅማ ላይ ጉዳዩ ከሌላው ቦታ የሚለይበት ምክንያት አለው። ውኃው ቅርብ ነው፦ በአሰንዳቦ በኩል 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ግቤ አንድ ግድብ ሐይቅ አለ፣ ከተማው ጥግ ደግሞ የቦዬ ረግረግ። የጀልባ መለዋወጫ ግን ቅርብ አይደለም። አንድ የካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ቀላል ጀልባ) ታፖ ሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ ቢጠፋ ተመሳሳዩን በቀላሉ አታገኙም፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስላክ ሊኖርባችሁ ይችላል። ቦዬ ላይ ጉማሬ ስላለም ጀልባው ውኃ ሲሞላ ዘሎ ወርዶ እየዋኙ መግፋት የሚታሰብ ነገር አይደለም። ስለዚህ አማራጮቹን የማመዛዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ውኃውን የሚያግደው ክፍል ሲያረጅ ወይም ሲጠፋ ጅማ መርካቶ ካለው የቧንቧ ዕቃ ሱቅ፣ ከጎሚስታው ወይም ከቶርኖ ቤቱ ልተካው እችላለሁ ወይ? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ታፖው የቱንም ያህል ቢያምር ቢያንስ አንድ መጠባበቂያ ሳይኖር አትግዙት።

ቀዳዳዎቹን አለማምታታት

ከላይ የሚቀመጡበት ካያክ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ትክክለኛው የማፍሰሻ ቀዳዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጅራቱ ወይም በአፍንጫው በኩል አንድ ብቻ ሆኖ ወደ ካያኩ ባዶ ሆድ ይገባል። ውኃ ላይ ሳላችሁ ሁልጊዜ ዝግ መሆን አለበት። የሚከፈተው የብስ ላይ፣ ካያኩን ዘቅዝቃችሁ የገባውን ውኃ ስታወጡ ነው። ሌሎቹ ከመቀመጫውና ከእግር ማሳረፊያው ተነስተው በካያኩ ውፍረት አልፈው ከሥር የሚወጡት ናቸው። እነዚህ ወደ ባዶው ሆድ አይገቡም፤ ላያችሁ ላይ የተረጨው ውኃ በራሱ ተመልሶ የሚወርድባቸው ናቸው። ክፍት ቢሆኑ ካያኩ አይሰምጥም።

ለእነዚህኞቹ የሚሸጠው መዝጊያ ተገፍቶ የሚገባ ሾጣጣ ጎማ ወይም ስፖንጅ ነው። ክብደት ያለው ሰው ሲቀመጥ ውኃ ከሥር ወደ መቀመጫው ስለሚመጣ፣ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ጠዋት ከመቀመጫው ሥር ያሉትን ሁለቱን መዝጋት ጥሩ ነው። ነፋስ ሲነሳ ግን የፊተኞቹ ክፍት ይሁኑ፤ ማዕበሉ የሚያስገባው ውኃ መውጫ ያስፈልገዋል። ይህን ሾጣጣ ጎማ በዋናው ማፍሰሻ ቀዳዳ ላይ መሰካት ግን አደገኛ ነው። የሚይዘው ፍትጊያ ብቻ ስለሆነ አንድ የጭቃ ጉብታ ወይም የእግር ምት ያወጣዋል።

በእጅ የሚጠመዘዘው የፕላስቲክ ታፖ

ካያኮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይዘው ይመጣሉ። ጥርሱ ሰፋፊ ነው፣ ከታፖው ራስ ሥር ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ወይም ጠፍጣፋ ጓርኒሲዮን አለው። ውኃውን የሚያግደው ጥርሱ ሳይሆን ያ ጎማ ነው። ጥርሱ ጎማውን ተጭኖ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ይህን የተረዳ ሰው ሁለት ስህተቶችን አይሠራም፦ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አይጠመጥምም፣ በፒንሳም አያጠብቅም። ቴፍሎኑ የታፖው ራስ ጎማው ላይ እንዳያርፍ ያግደዋል፤ ፒንሳው ደግሞ ኦሪንጉን ከመቀመጫው ገፍቶ ያስወጣዋል ወይም ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። ኦሪንግ በደንብ የሚሠራው ከውፍረቱ ከአምስት አንድ እስከ ሦስት አንድ ባለው መጠን ሲጨመቅ ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ መጨመቁ ይበቃዋል፤ ለዚህ የጣት ኃይል አያንስም።

ድክመቱ ሁለት ነው። የአንዱ ፋብሪካ ጥርስ ለሌላው አይገጥምም፤ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውም ለሁሉም አይሆንም። ሁለተኛው የአካባቢያችን አፈር ነው። የግቤ ዳርቻ ደለል ጥርሱ ውስጥ ከገባ ታፖው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ጎማው ገና አልተጫነም። ከመዝጋታችሁ በፊት ጥርሱንም የጎማውን መቀመጫም በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ ታፖውን መጀመሪያ ወደ ግራ ትንሽ አዙሩት፤ ቀጭ ሲል ጥርሱ መስመሩን አግኝቷልና ያኔ ወደ ቀኝ አጥብቁት። ፕላስቲክ ጥርስ አንዴ ከተጣመመ አይመለስም።

የጠፋ ታፖ ካለባችሁ ጅማ ላይ ያለው ጥሩ መፍትሔ ቶርኖ ቤት ነው። ቀዳዳውን ይዛችሁ መሄድ ስለማትችሉ ካያኩን ራሱን ጭናችሁ ውሰዱት፤ ባለሙያው የጥርሱን ርቀት ለክቶ ከናይለን ዘንግ አዲስ ታፖ ይቀርጽላችኋል። የኦሪንግ ጎድጓዱንም እንዲያወጣለት ንገሩት፤ ጎድጓዱ ካልወጣ የተሠራላችሁ ውኃ የማያግድ ብሎን ነው።

የሚያብጠው ጎማ

ለቅዘፋም ለትንሽ ሞተርም በሚሆኑ የፋይበርግላስና የአሉሚኒየም ጀልባዎች ላይ የሚታየው ይህ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ወፍራም የጎማ በርሜል መሐሉን ብሎን ያልፈዋል፣ በሁለቱም ጫፍ ሮንዴላ አለ። እጀታው ሲጠብቅ ሮንዴላዎቹ ተቀራርበው ጎማውን ያሳጥሩታል፤ ያጠረው ጎማ ወደ ጎን ያብጥና የቀዳዳውን ግድግዳ ይይዛል። ጥርስ የለውም፣ አፈር ብዙ አያስቸግረውም። ቀዳዳው ጥቂት ቢሰፋ ወይም ቢጠብብም ይሸፍነዋል።

እጀታው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እየተሽከረከረ ይጠብቃል፣ ሌላው ተጋድሞ ይቆለፋል። የሚቆለፈው ፈጣን ነው፣ ግን ገመድ ሲጠልፈው ወይም እግር ሲነካው ሊከፈት ይችላል። ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ውስጥ መረብ ስለሚጎትት እኔ ለእሱ የምመርጥለት የሚሽከረከረውን ነው። ለመዝናኛ የሚወጣ፣ ከኋላ ዕቃ የማያከማች ሰው ተቆላፊውን ቢይዝ ችግር የለበትም። የትኛውንም ብትገዙ መሐሉ ላይ ያለው ብሎን ናስ ወይም ስቴንለስ ይሁን። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና አስጠጉት፤ ጠበቅ አድርጎ ከሳበው ቀለም የተቀባ ብረት ሳይሆን አይቀርም፣ በአንድ ክረምት ዝጎ ይጣበቃል።

ቀዳዳው ውስጥ ለስላሳ ቱቦ መኖሩን አረጋግጡ። በተለይ የኋላ ግድግዳው በፋይበርግላስ መሐል እንጨት የታሸገበት ከሆነ፣ ቱቦ የሌለው ቀዳዳ በዙሪያው ውኃ እያጠጣ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ያገለገለ ጀልባ ስትገዙ የቀዳዳውን ዙሪያ በካቻቢቴ እጀታ ቆርቆር አድርጉ። ድምፁ ከሌላው ግድግዳ ይልቅ የታፈነ ከሆነ ዋጋው መውረድ አለበት፤ ታፖ መቀየር ብቻውን አያድነውም።

የጎማው በርሜል ሲሰነጠቅ ብሎኑን አትጣሉት። ከወፍራም የጎማ ሉህ ቀዳዳ ያላቸው ክቦች ቆርጦ በብሎኑ ላይ መደርደር አዲሱ እስኪመጣ ያገለግላል። ጀልባው ቤት ሲቀመጥም እጀታውን አላሉት፤ ወራት ሙሉ ተጨምቆ የቆየ ጎማ ተመልሶ አያብጥም።

ናሱና የቧንቧ ሱቁ

በፋይበርግላስና በእንጨት ጀልባ ሥር የሚጠመዘዝ የናስ ታፖ ጠንካራ ነው። የተሻለ ነገር ለሚፈልግና ጀልባውን ለዓመታት ለሚይዝ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጥርሱ እየሾጠጠ ስለሚሄድ ራሱ ያግዳል፣ እዚህ ላይ ቴፍሎን ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። ለአሉሚኒየም ጀልባ ግን ናስ አልመክርም። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ሂደቱ በሐይቅ ውኃ ከባሕር ይልቅ ቀርፋፋ ቢሆንም አይቀርም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ጀልባ የናስ ታፖው «ባለ ግማሽ ኢንች» ነው፤ ሱቁም «ባለ ግማሽ» ታፖ ይሰጣችኋል፤ ሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ አላቸው። ስለዚህ ይያያዛሉ፣ ሁለት ሦስት ዙርም ይሄዳሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። ሆኖም አንድ አይደሉም። የአሜሪካው መለኪያ ኤን ፒ ቲ ይባላል፤ የጥርሱ ማዕዘን 60 ዲግሪ፣ የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ አገር የቧንቧ ዕቃ ሱቆች የሚይዙት ቢ ኤስ ፒ ነው፤ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ፣ ስፋቱ 20.96 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፣ ውኃ ግን ያገኘዋል። በኃይል ካጠበቃችሁትም የጀልባውን ሴት ጥርስ (ታፖው የሚገባበትን) ያበላሻል። (በነገራችን ላይ ሁለቱም ሲለኩ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚመጡ ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው ብሎ በማስመሪያ የለካ ሰው የተሳሳተ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። «ባለ ግማሽ» የሚለው የቧንቧ ስም እንጂ የጥርሱ ስፋት አይደለም።)

መፍትሔው ታፖውን ብቻ ሳይሆን ጥንዱን በሙሉ መቀየር ነው፦ ሴቴውን መቀመጫ ነቅሎ የአገር ውስጥ መለኪያ ያለው የናስ መቀመጫና ታፖ ማስገባት። ያኔ ታፖው ቢጠፋ መተኪያው ቅርብ ካለ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ይገኛል። ነጩን የጋልቫናይዝድ ብረት ታፖ ግን ተዉት፤ ርካሽነቱ እውነት ነው፣ ግን በሁለተኛው ዓመት በቁልፍ አልፈታ ይላል።

የሮቶው ትምህርት

የብዙዎቹ ካያኮች አካል ፖሊኢታይሊን ነው፤ በየግቢያችን ከፍ ብሎ የቆመው የሮቶ ታንከርም ያው ፕላስቲክ ነው፣ አሠራሩም ተመሳሳይ ነው፤ ዱቄቱ በሚሽከረከር ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ይጋገራል። ይህ ፕላስቲክ ሙጫ አይቀበልም። ሲልኮንም ማስቲሽም ለጊዜው የያዙት ይመስላሉ፣ ሲደርቁ ግን እንደ ልጣጭ ይነሳሉ። ሮቶ ላይ ቧንቧ የሚገጥም ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ በሙጫ አይደክምም፤ በሁለት በኩል ጓርኒሲዮን አድርጎ በዳዶ ያጠብቀዋል። የፈሰሰ የካያክ ታፖ መቀመጫን ሲልኮን ለመቀባት የሚያስቡ ሰዎች እሱን ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።

ከዚህም አልፎ ያው የሮቶ ማያያዣ ለካያክ ጥሩ ማፍሰሻ ይሆናል። የመጀመሪያው መቀመጫ ከተሰበረ ቀዳዳውን አስተካክሎ ባለ ግማሽ ወይም ባለ ሦስት ሩብ የፕላስቲክ ማያያዣ ማስገባት፣ በውኃው በኩል ጓርኒሲዮን አድርጎ ከውስጥ ዳዶውን ማጥበቅ፣ አፉን በታፖ መዝጋት ነው። ሁለት ነገር መሟላት አለበት። ዳዶውን ለመያዝ እጅ የሚያስገባ ክዳን በአቅራቢያው ሊኖር ይገባል። ማያያዣው ወደ ውጭ ስለሚወጣም ቦታው ከሥር ሳይሆን ከውኃው ወለል በላይ፣ በጅራቱ የላይኛው ክፍል ይሁን። ካያክ ተዘቅዝቆ ስለሚፈስ ይህ ቦታ ምንም አያጎድልበትም። ሐይቁ ከክረምት በፊት ሲጎድል ጀልባን በረጅም ጭቃና ጠጠር መጎተት ስለማይቀር፣ ከሥር የወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚፋቀው ነው። እኔ ካያክ ላለው የጅማ ሰው ከሁሉም አብልጬ የምመርጥለት ይህን ነው፤ ፋብሪካው የሰጠው ታፖ ደህና እስከሆነ ድረስ ግን ደህናውን ቀዳዳ መንካት አያስፈልግም።

የእንጨት ውታፍ ለዘወትር አይሆንም። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ለአደጋ ጊዜ ግን ከለስላሳ እንጨት የተጠረበ ሾጣጣ ውታፍ ከቀዳዳው አጠገብ በሲባጎ ታስሮ ይቀመጥ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲገባ እስከ ዳር ያደርሳል።

የትኛው ጎማ

ጥቁር ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ምርጫው የሚወሰነው ጀልባው ላይ ቤንዚን በመኖር አለመኖሩ ነው። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚገኘው ኦሪንግ አብዛኛውን ጊዜ ናይትራይል ነው። ዘይትና ቤንዚን ይችላል፣ ፀሐይ ግን ይሰነጥቀዋል። እኛ የምንኖረው ከ1700 ሜትር በላይ ነው፤ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር ከባሕር ጠለል ይልቅ እዚህ ይበረታልና ናይትራይል ኦሪንግ ያለበት ታፖ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ኢ ፒ ዲ ኤም የሚባለው፣ ለመኪና በር ዙሪያና ለራዲያተር ጎማ የሚውለው፣ በተቃራኒው ፀሐይ ይችላል፤ ቤንዚን፣ ግራሶና ቫዝሊን ሲነካው ግን ያብጣል። የብዙ መኪና ከመነዳሪ የሚሠራበት ቡቲልም ጠባዩ ለዚህ ይቀርባል።

ስለዚህ ሞተር ለሌለው ካያክ ጠፍጣፋ ጓርኒሲዮን ሲያስፈልግ ከጎሚስታው የተጣለ የከባድ መኪና ከመነዳሪ ቆርጦ መጠቀም እውነተኛ መፍትሔ ነው፣ ማስታገሻ አይደለም። ሞተር ላለበት ናይትራይል ይሻላል። ሲልኮን ኦሪንግ ፀሐይ ይችላል፣ ግን በቀላሉ ይቀደዳል፤ የሚጠመዘዝ ታፖ ሥር ዕድሜው አጭር ነው። ጎማው ተመልሶ ይሠራ እንደሆን ለማወቅ በጣታችሁ አጥፉት፤ በመታጠፊያው ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ከታዩ ጊዜው አልፏል። ማለስለሻ ካስፈለገ የሲልኮን ግራሶ ለሁሉም ይስማማል ለማለት ይቻላል፤ ከሲልኮን ጎማው ከራሱ በቀር።

የብስ ላይ መፈተን

ሐይቅ ላይ አትፈትኑ። ጀልባውን አፍንጫውን ከፍ አድርጋችሁ አስደግፉ፣ ከውስጥ አንድ ባልዲ ውኃ ወደ ኋላ ጨምሩ፣ ታፖውን ከውጭ አድርቁና ደረቅ ሶፍት አስጠጉበት። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሶፍቱ ከረጠበ ታፖው አልያዘም። ካያክ ከሆነ ታፖውን ዘግታችሁ ዙሪያውን የሳሙና አረፋ ቀቡና አካሉን በጉልበት ጫን አድርጉት፤ አረፋው ከነፋ አየር ይወጣል፣ አየር የወጣበት ውኃ ያስገባል። የክዳኖቹንም ዙሪያ በዚያው ፈትሹ፤ ካያክ ውስጥ የሚገኝ ውኃ ብዙ ጊዜ በታፖው የሚታማ ቢሆንም በክዳን የገባ ሊሆን ይችላል።

ሲቀመጥና ሲጫን

ጀልባ የብስ ላይ ሲያድር ታፖው ይፈታ። ጅማ ዝናብ አይታመንም፤ 40 ሚሊ ሜትር የዘነበበት ሌሊት አራት ካሬ ሜትር አፍ ባለው ጀልባ ውስጥ 160 ሊትር ይተዋል።

በመኪና ሲጫንም እንዲሁ። ከአዲስ አበባ ካያክ አስጭኖ የሚያመጣ ሰው ከ2300 ሜትር ተነስቶ የግቤ በረሃ ድልድይ ጋ ወደ 1100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ጅማ ይወጣል። ላይ የተዘጋው ቀጭን አየር ታች ሲደርስ ከውጭው አየር ጋር ያለው ልዩነት በካሬ ሜትር ከአንድ ቶን በላይ ጫና ነው። አየር የማያሳልፍ ካያክ አካሉ ወደ ውስጥ ሊሰረጎድ፣ ኦሪንጉም ከመቀመጫው ሊሳብ ይችላል። ፀሐይ ላይ ቆይቶ የጋለ ካያክ በቀጥታ ወደ ውኃ ሲገባም ነገሩ ያው ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና የደከመውን ጎማ አልፎ ውኃ ይስባል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ስትደርሱ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ታፖው ከዚያ በኋላ ይዘጋ። እስከዚያው የተፈታው ታፖ ከመኪናው ቁልፍ ጋር በአንድ ገመድ ይታሰር፤ ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ቁልፉን ሲነቅል ታፖው እጁ ላይ ይሆናል።